ይቆጠር ወይስ ይደገም?

ዳይስ ከጠረጴዛ ተንከባልሎ ሶፋ ሥር ገባ እንበል። የጣለው ሰው ተንበርክኮ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ ያይና «ስድስት ነው!» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ከእሱ በቀር ያየ የለም። ይቆጠር ወይስ ይደገም? አምስት ሳንቲም ባልተያዘበት ጨዋታ፣ በዚህች ጥያቄ የተነሳ ተኮራርፈው የከረሙ ጓደኛሞች አሉ። ጥያቄዋ ደግሞ ብቻዋን አትመጣም። ስኒ ተደግፎ የቆመው ዳይስስ? አንዱ ጠረጴዛውን በክርኑ ሲገፋው የተገለበጠውስ? ጨዋታውን ገና የሚማር ልጅ አንድ ሲመጣበት «ይሄኛው አይቆጠርብህም» ማለት ደግነት ነው ወይስ ሌሎቹን መበደል?

ይህ ዳሰሳ መቀመጫውን ያደረገው በሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ኤሪያ፣ በተለይም በኦክላንድና በሳን ሆዜ ነው። አንዱ ምክንያት እኛው ነን። በኦክላንድ በቴሌግራፍ ጎዳና ምግብ ቤቶች ዙሪያ የሚሰባሰበውና በሳን ሆዜ አፓርታማዎች የተበተነው ሐበሻ፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤትና ከጓደኛ ቤት የሚያመጧቸውን የዳይስ ጨዋታዎች ወድዶም ሳይወድም እየተማረ ነው። ሌላው ምክንያት ብዙዎቻችን የማናውቀው የአካባቢው ታሪክ ነው፦ ሳሎን ውስጥ የተወለደን የቤት ደንብ ወደ ታተመ መጽሐፍ ካሸጋገሩት ሰዎች ዋና ዋናዎቹ የዚሁ አካባቢ ሰዎች ነበሩ። እሱን ኋላ እመለስበታለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ድጋሚ መጣል በራሱ ነውር የለበትም። ነውሩ ውጤቱ ከታየ በኋላ ምክንያት መፈለግ ነው።

ነባር የገበታ ጨዋታዎቻችን ዳይስ አያውቁም። ገበጣ ጉድጓድና ጠጠር ነው፤ ሁሉም ነገር ዓይን ፊት ይቆጠራል። ዳማም የለስላሳና የቢራ ቆርኪ ተደርድሮ፣ አንዱ በጀርባው ሌላው በፊቱ ተገልብጦ፣ ያለ ምንም ዕድል የሚበላሉበት ነው። ሰንጠረዥም እንዲሁ። ዕድል ቦታዋ ከሰሌዳው ውጭ ነበር፦ በዕጣ፣ በቁማር፣ በጠጠር ጣይ ደጃፍ። (ጠጠር ጣይ ዘንድ የሄደ ሰው የመጀመሪያው መልስ ካልጣመው «እስቲ ደግመው ይጣሉልኝ» ማለቱ የታወቀ ነው። የደንበኛውን ፊት አይቶ የሚደግም ጠጠር ጣይም አይጠፋም።)

ይህ ሲባል ግን የቤት ደንብ አናውቅም ማለት አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ያሳተሙት ጥናት የሚያሳየው አንዱ ጨዋታ ከቦታ ቦታ ምን ያህል ደንቡን እንደሚለዋውጥ ነው። ሰንጠረዣችንም የራሱ ወግ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ወረራ ይባላል። አሸናፊነትም ደረጃ ነበረው፦ የባላጋራን ንጉሥ እንደ ፈረስ ባሉ ብርቱ ጠጠሮች መያዝ እንደ ጥበብ አይቆጠርም፣ በደካሞቹ መያዝ ግን ያስጨበጭባል። ይህ ሁሉ ዳኛ የሚያስፈጽመው ሕግ ሳይሆን በተመልካች ፊት የሚጠበቅ ክብር ነው። እንግዲህ እኛ የጨዋታ ሥነ ምግባር ሞልቶናል፤ የጎደለን የዳይስ ሥነ ምግባር ነው።

ከዳይስ ጋር ብዙዎቻችንን ያስተዋወቀን ሉዶ ነው። ከሕንዱ ፓቺሲ ተወልዶ እ.ኤ.አ. በ1896 እንግሊዝ ውስጥ የፈጠራ መብት የተሰጠው ይህ ጨዋታ በድጋሚ መጣል ላይ የቆመ ነው ማለት ይቻላል። ስድስት ካልመጣ ጠጠር ከቤት አይወጣም፤ ስድስት የመጣለት ደግሞ ይጥላል። ሦስተኛ ስድስት በተከታታይ ከመጣስ? እዚህ ላይ ነው ቤቱ የሚከፋፈለው። አንዱ ሦስተኛዋ ብቻ ትቃጠላለች ይላል፣ ሌላው ሦስቱም ይቃጠሉ ይላል፣ ሌላው «ዕድሉ ነው፣ ይንዳው» ይላል። ሦስት ስድስት በተከታታይ የመምጣት ዕድል ከ216 አንድ ነው፤ ስለዚህ ሰዎች ስለ ሦስተኛዋ ስድስት የሚነጋገሩት ሳይጀምሩ ሳይሆን መጥታ ካስደነገጠቻቸው በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እያንዳንዱ ካደገበት ሰፈር ይዞት የመጣውን ደንብ የዓለም ሕግ አድርጎ ያቀርባል። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሰፈር ያደጉ ልጆች ይህ ችግር አልነበረባቸውም። ሳን ሆዜ ላይ ግን አንዱ ከደሴ፣ አንዱ ከአዋሳ፣ አንዱ ከአስመራ የመጣ፣ ልጆቹ ደግሞ እዚሁ የተወለዱ፣ አንድ ሰሌዳ ይከባሉ።

እንዲህ ያለ አንድ እሑድ ሳን ሆዜ ውስጥ አንድ ሳሎን ነበርኩ። ቡናው ሁለተኛው ደርሷል፣ ሉዶው ምንጣፉ ላይ ተዘርግቷል። የአሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ ዳይሱን ወረወረና ዳይሱ የፈንዲሻውን ሳህን ጠርዝ ተደግፎ ቆመ።

«አራት! እማማ፣ አራት ነው!» አለ።

«አራትም አምስትም አይደለም። ተደግፏል።»

«ግን አራቱ ነው እኮ ወደ ላይ ያለው።»

«የተደገፈ አይቆጠርም፣ የኔ ጌታ። አንሳና ጣል።»

ልጁ እያጉረመረመ አንስቶ ጣለ። ስድስት። የልጁ አጎት ከተቀመጠበት ተነሳ። «እማማ፣ ለልጁ አዳሉለት እኮ!»

«ሳይጥል ነው የፈረድኩት» አሉ እማማ፣ ስኒውን እየቀዱ። «ስድስት ይመጣል ብዬ አውቅ ነበር?»

አጎትየው መልስ አላገኘም፤ እኔም ከዚያ የተሻለ የዳይስ ፍርድ አልሰማሁም። ሴትዮዋ ትምህርት ቤት ገብተው ስለ ዕድል ስሌት አልተማሩም። ፍርዳቸው ግን ከውጤቱ በፊት የተነገረ፣ ምክንያቱም ሁሉም በዓይኑ ያየው ነበር። አጎትየው የተቃወመው ደንቡን ሳይሆን ስድስቷን ነው። አራቷ ትቆጠር ሲባል ዝም ብሎ ነበር፤ ይደገም ሲባልም ዝም ብሎ ነበር።

የተደገፈ ዳይስ በየትኛውም የጨዋታ ዓለም ያለ ችግር ነው። ጥብቁ መልስ ባክጋሞን የተባለው የሁለት ሰው የሰሌዳ ጨዋታ ነው፦ ሁለቱ ዳይሶች አብረው ተጥለው በጣዩ ቀኝ በኩል ባለው የሰሌዳ ክፍል ጠፍጣፋ ሆነው ካልረፉ፣ አንዱ ቢስተካከል እንኳ ሁለቱም ይደገማሉ። ክርክር የለም፣ ምሕረትም የለም። ሌሎች ዘንድ ያለው መልስ ላላ ያለ ነው። ብዙ የአሜሪካ ተጫዋቾች በተደገፈው ዳይስ አናት ላይ ሌላ ዳይስ ያስቀምጣሉ፤ ሳይንሸራተት ከቆመ ይቆጠራል፣ ከወደቀ ይደገማል። ሙከራው ለዓይን ደስ ይላል፤ ችግሩ አስቀማጩ ማን እንደሆነ ነው። ጣዩ ራሱ ካስቀመጠ ለስድስት እጁ ይረጋጋል፣ ለአንድ ይንቀጠቀጣል። ሌላው እንዲያስቀምጥ ማድረግ ይሻላል።

ውጤት እያዩ መፍረድ የሚያመጣውን ጉዳት በቁጥር ማየት ይቻላል። ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ በአማካይ 3.5 ይሰጣል። ዳይሱ በተደገፈ ቁጥር ዝቅተኛ ሲሆን (1፣ 2 ወይም 3) «ተደግፏል» እያለ የሚደግም፣ ከፍተኛ ሲሆን ግን ዝም የሚል ሰው፣ በነዚያ አጠራጣሪ ጥሎች አማካዩ ወደ 4.25 ይወጣል። ዋሽቷል ማለት አንችልም፤ ዳይሱ እውነት ተደግፏል። ያደረገው ዓይኑን ሲያሻው መግለጥ ሲያሻው መጨፈን ብቻ ነው። ስለዚህ በተደገፈ ዳይስ ላይ የመናገር መብት ከጣዩ ይልቅ በስተግራው ለተቀመጠው ሰው ቢሰጥ ደስ ይለኛል።

ወለል ላይ ለወደቀው የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ሁሌም ይደገም። «ባለበት ይቆጠር» የሚሉ ጠረጴዛዎች አሉ፤ የሚያቀርቡት ምክንያትም ዳይሱ ወለልም ላይ ያው ዳይስ ነው የሚል ነው። በሒሳብ ልክ ናቸው። ነገር ግን ወለል ላይ ያለውን የሚያየው መጀመሪያ የደረሰው ነው፣ ምንጣፍ ደግሞ ጠፍጣፋ አይደለም። ጠረጴዛ ሲገፋ የተገለበጠው ላይም ነገሩ ቀላል ነው፤ ሁለት ሰው ከመገፋቱ በፊት ቁጥሩን ካየው ይቆጠራል፣ ካላዩት ይደገማል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው የፈጣን እጅ ጉዳይ ነው። ዳይሱ ገና ሳይረጋ ለቀም አድርጎ «አምስት» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ባክጋሞን ይህንንም አስቦበታል፦ ዳይስን ማንሳት ተራን መጨረስ ነው፣ ስለዚህ ጠጠሩን አንቀሳቅሶ ሳይጨርስ ማንም አያነሳም። ይህችን አንዲት ልማድ ወደ ሉዶና ሞኖፖሊ ብናመጣት ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀር ነበር።

ገንዘብ ባለበት ነገሩ ሌላ ነው። በቁማር ቤቶች፣ ክራፕስ በሚባለው የዳይስ ቁማር ጠረጴዛ ላይ ዳይሱ ከጠረጴዛ ከወጣ ጥሉ የለም ይባላል፤ የሚወስነውም ሠራተኛው እንጂ ጣዩ አይደለም። ካሊፎርኒያ ግን ዳይስን ለቁማር በበጎ ዓይን አታየውም። የወንጀል ሕጓ በዳይስ የሚካሄዱ የባንክ ጨዋታዎችን፣ ማለትም ተጫዋቹ ከቤቱ ጋር የሚወራረድባቸውን፣ ይከለክላል፤ የነባር ሕዝቦች ካሲኖዎች ክራፕስ ሲያጫውቱ እንኳ ውጤቱ የሚወሰነው በካርታ ነው። ሳን ሆዜም ፈቃድ ያላቸው ሁለት የካርታ ቤቶች፣ ቤይ 101 እና ካሲኖ ማትሪክስ፣ አሏት፤ ሁለቱም የካርታ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ምድር ዳይስ በብዛት የሚንከባለለው በሳሎንና በጨዋታ ሱቅ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሠራተኛም ካሜራም የለም። ሥነ ምግባሩን ቤቱ ራሱ ማውጣት ያለበት ለዚህ ነው።

እኛ ዳኛ ያለበት ዕድል የምናውቀው በዕቁብ ነው። ባሕሩን ተሻግሮ ኦክላንድም ሳን ሆዜም ገብቷል። ስሞች በወረቀት ተጽፈው ተጠቅልለው ይጣላሉ፣ አንድ ልጅ ወይም አንድ ገለልተኛ ሰው ያወጣል፣ ዳኛው ያነባል። መቼ ይደገማል? የአንድ አባል ስም ሳይጻፍ ከቀረ፣ ወይም የአንዱ ስም ሁለት ጊዜ ከገባ። ጠንቃቃ ዳኛ ዕጣው ከመውጣቱ በፊት ወረቀቶቹን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ የቸኮለው ዳኛ ደግሞ ስሙ የወጣለት ሰው ስልክ አንስቶ ለሚስቱ ካበሰረ በኋላ ወረቀት መጉደሉን ያውቃል። ያኔ መድገም ግዴታ ነው፣ ግን ማንም አያመሰግነውም።

በዕቁብ ውስጥ ከምወደው ነገር አንዱ ምሕረት የሚሰጥበት መንገድ ነው። ከአባላቱ አንዱ ኀዘን ወይም ሕመም ቢያጋጥመው ዕጣው እሱ ላይ እስኪወድቅ ድረስ እየደጋገሙ አይጥሉም። ዕጣው የወጣለት ሰው ይለቅለታል፣ ወይም ዳኛው ከአባላት ጋር መክሮ አስቀድሞ ይሰጠዋል። ዕጣው ራሱ አይነካም፤ የሚንቀሳቀሰው የሰው ፈቃድ ነው። ጨዋታ ላይ ለልጅ ወይም ለጀማሪ ስናዝን ዳይሱን ከማስዋሸት ይልቅ «የእኔን ተራ ውሰድ» ብንል የበለጠ ንጹሕ ነው።

አገር ቤት ካየናቸው ድጋሚ ዕጣዎች ሁሉ ትልቁ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች ዕጣ ወጣ፤ የብዙ ዓመት ቆጣቢዎች ስማቸውን ሰምተው እልል አሉ። ከቀናት በኋላ የከተማው አስተዳደር ዕጣ ውስጥ መግባት የማይገባቸው ሰዎች መረጃ ገብቷል ብሎ ሁሉንም ሰረዘ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዳግመኛ ወጣ። በመጀመሪያው ደርሷቸው በሁለተኛው ያጡትን ቤተሰቦች ማሰብ ያማል። ቢሆንም የመደገሙ ምክንያት ማን አሸነፈ የሚል ሳይሆን ዕጣው በምን ተሠራ የሚል ነበር። ዕጣው ሊደገም የሚገባበት ሁኔታ ያ ነው። ጥፋቱ መደገሙ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ አስቀድሞ አለመቆጠሩ ላይ ነው።

አሁን ወደ ኦክላንድ። እ.ኤ.አ. በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ከዊስኮንሲን ሲወጣ ጨዋታው በትንንሽ መጻሕፍት የታተመ፣ ብዙ ቀዳዳ ያለበት ነበር። ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ባለ ታሪክ ሆነው ይጫወታሉ፤ ሰይፉ ያገኘዋል ወይስ ይስተዋል የሚለውን ዳይስ ይወስናል፤ ያልተጻፈውን የጨዋታው መሪ ይፈርዳል። ቀዳዳውን እያንዳንዱ ቤት በራሱ ደንብ ደፈነው። ቤይ ኤሪያ ውስጥ ይህን ሥራ በቁም ነገር ከያዙት አንዱ ስቲቭ ፔሪን ነው። ፔሪን እ.ኤ.አ. በ1966 በርክሌይ ከተመሠረተው፣ የመካከለኛውን ዘመን ፍልሚያ በጥሩርና በዱላ ከሚለማመደው ማኅበር ቀደምት አባላት አንዱ ነው፤ ዱላ የቀመሰ ሰው ስለሆነ በወረቀት ላይ የተጻፈው ፍልሚያ አልተዋጠለትም። እ.ኤ.አ. በ1976፣ በዚያው ዓመት በተጀመረው የአካባቢው የጨዋታ ጉባኤ በደንድራኮን፣ የራሱን የፍልሚያ ደንቦች በወረቀት አባዝቶ አደለ። የፔሪን ኮንቬንሽንስ በመባል ታወቁ። በቀጣዩ ዓመት ሌላው የአካባቢው ሰው ዴቭ ሃርግሬቭ የቤቱን ደንቦች አርዱዊን ግሪሟር ብሎ መጽሐፍ አደረጋቸው።

ሦስተኛው ሰው ግሬግ ስታፎርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ኬኦሲየም የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም ቤቱ ከኦክላንድ ኮሊሲየም ስታዲየም አጠገብ ነበርና ስሙን ከስታዲየሙና ትርምስ ማለት ከሆነው «ኬኦስ» አዳቅሎ አወጣው። የዳይስ ጨዋታ ለሚያሳትም ቤት ትርምስን በስሙ መያዙ ተገቢ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1978 ፔሪንን ይዞ ሩንክዌስትን አሳተመ። እዚያ ውስጥ ለጉዳያችን የሚሆን አንድ ብልሃት አለ፦ አጥቂው ዳይሱን ጥሎ ቢመታ እንኳ ነገሩ አላለቀም፤ ተመቺው በተራው የራሱን ዳይስ ጥሎ ምቱን ለመመከት ይሞክራል። ሁለተኛው ዕድል ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ተሻገረ ማለት ነው። የተጎዳ ሰው «ይደገም!» ብሎ እንዳይጮህ የራሱን ጥል አገኘ።

ኬኦሲየም እ.ኤ.አ. በ1981 ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለውን የሳንዲ ፒተርሰንን የምርመራ ጨዋታ አወጣ፤ ያ ጨዋታ ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ሰባተኛ እትሙ፣ እኔ ከማውቃቸው የድጋሚ መጣል ደንቦች ሁሉ የላቀውን ጻፈ። ነገሩ እንዲህ ነው። መርማሪዋ የተቆለፈ መሳቢያ ልትከፍት ትሞክራለች እንበል፤ ችሎታዋ 50 በመቶ ነው፤ ዳይሱን ጣለች፣ አልተሳካም። ልትደግም ትችላለች፤ ነገር ግን መጀመሪያ ከበፊቱ የተለየ ምን እንደምታደርግ መናገር አለባት፦ «በቢላዋ እፈለቅቀዋለሁ።» ከዚያ የጨዋታው መሪ ሁለተኛው ካልተሳካ ምን እንደሚመጣ ሊነግራት ይችላል፦ «እንግዲያው ቢላዋው ቢሰበር ድምፁ ታች ያለውን ሰው ይቀሰቅሰዋል። ትጥያለሽ?» እሷ ትመርጣለች። አንድ ጊዜ ብቻ። በፍልሚያ፣ በዕድልና በአእምሮ ጤንነት ጥሎች ላይ ደግሞ ጭራሹን አይፈቀድም።

ሒሳቡን ስናየው የመሳካት ዕድሏ ከ50 ወደ 75 በመቶ ወጥቷል። የቀረው 25 በመቶ ግን ተራ ውድቀት አይደለም፤ የከፋ ነው። ሁለተኛው ጥል ዋጋ ተከፍሎበታል፣ ዋጋውም ከመጣሉ በፊት ተነግሯል። እዚህ ላይ ልመና የለም፣ ማዘን የለም፣ «እባካችሁ አንድ ጊዜ ብቻ» የለም። ለዚህ ነው ከሁሉ የማስበልጠው።

በዚያው በ2014 የወጣው የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛ እትም ያንኑ ቁጥር በሌላ መንገድ አመጣው። አመቺ ሁኔታ ላይ ያለ ተጫዋች ባለ ሃያ ገጹን ዳይስ ሁለት አድርጎ ይጥልና ትልቁን ይወስዳል፤ ችግር ላይ ያለ ሁለት ጥሎ ትንሹን ይወስዳል። 50 በመቶ የነበረው እዚህም 75 ይሆናል። ሁለቱ ዳይሶች አብረው ስለሚንከባለሉ ግን «ልደግም ወይ?» የምትለዋ ጥያቄ ጨርሳ አትነሳም። ለሰላም የሚመች ደንብ ነው፤ ልብ ሰቀላው ግን ይቀንሳል። የብሪታንያው ዋርሃመር ደግሞ ሠራዊት በሠራዊት ዳይስ በእፍኝ የሚጣልበት ስለሆነ የድጋሚ ፈቃድ በየገጹ አለው፤ የሚያድነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ አንዴ የተደገመ ዳይስ ዳግመኛ አይደገምም። ይህ ወሰን ከሌለ ምን እንደሚመጣ የጥንቱ የሕንድ ተረክ ማሃባራታ ያውቀዋል። ንጉሡ ዩዲሽቲራ በዳይስ መንግሥቱንና ቤተሰቡን ተበልቶ፣ ሁሉም ከተመለሰለት በኋላ፣ ለአንድ ተጨማሪ ጥል ተመልሶ ተቀመጠና የአሥራ ሦስት ዓመት ስደት ቀመሰ።

የምሕረት ድጋሚዎች ላይ ብዙ አልቆይም። ካታን የተባለውን የሰሌዳ ጨዋታ የሚጫወቱ ቤቶች በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሰባት ከመጣ ይደግማሉ፤ ሰባት የሚያንቀሳቅሰው ሌባ ገና ምንም በሌለው ሰው ላይ እንዳይላክ ነው። ደንቡ ሁሉንም እኩል ስለሚጠብቅና ከመጀመሪያው ስለሚነገር ጥሩ ነው። የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ሦስተኛ እትም፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ገና ሲፈጠር ተስፋ ቢስ ሆኖ የወጣ ገጸ ባሕርይ እንዲደገም ፈቅዶ ነበር፤ ተስፋ ቢስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን በቁጥር አስቀምጧል፦ ትልቁ ውጤት ከ13 ካልበለጠ። አዛኝ ደንብ እንዲህ ወለሉ በቁጥር ሲሰመርለት ያምራል። ለሕፃናት ከሆነ እስከ ስድስት ሰባት ዓመት ያሻችሁን አድርጉ። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ መቁጠር ብቻ ሳይሆን ማስተዋልም ይጀምራል፤ ለእሱ የተደገመው ለእህቱ ካልተደገመ ዕድሜ ልኩን አይረሳውም፣ እሷማ ጭራሽ።

«ዳይሱ ነው የበደለኝ» ስለሚሉም ጥቂት ልበል። ፍጹም ዳይስ የለም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዌልደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ አሥራ ሁለት ዳይሶች 26,306 ጊዜ ተጥለው ሲቆጠሩ አምስትና ስድስት በትክክሉ ከሚጠበቀው 33.33 በመቶ ይልቅ 33.77 በመቶ መጥተው አገኘ። ነጥቦቹ ተቦርቡረው የተሠሩ ዳይሶች ብዙ ጉድጓድ ያለበት ገጻቸው ስለሚቀል ነው ተብሎ ይገመታል። ከሳን ሆዜ ብዙም በማይርቀው ስታንፎርድ የሚያስተምረውና በወጣትነቱ አስማተኛ የነበረው የሒሳብ ሊቅ ፐርሲ ዲያኮኒስም ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2007 የተወረወረ ሳንቲም ሲጀምር ወደ ላይ በነበረው ገጹ የማረፍ ዕድሉ 51 በመቶ ገደማ መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ እንዲህ ያለች ጥቂት መዛነፍ የአንድ ምሽትን ጨዋታ አትወስንም። ዳይስ መቀየር የፈለገ ተራው ከመድረሱ በፊት ይቀይር፤ ሁሉም አንድ ዳይስ ቢጠቀም ደግሞ ወቀሳውም አንድ ይሆናል።

ጭቅጭቁን የሚቀንስ መሣሪያም አለ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 የተገኘው የአራተኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን የዳይስ ማማ እንደሚያሳየው፣ ዳይሱ ከላይ ገብቶ ደረጃ በደረጃ እየተላተመ እንዲወጣ ማድረግ የእጅ ተንኮልን ለመከልከል የታሰበ የጥንት መላ ነው። ዛሬ ጨርቅ የተነጠፈበት ዝርግ ሳጥን ይበቃል፤ ዳቦ ቆሎ የሚቀርብበት ትሪም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኝ ሁሉም ቤቱ ሲዘጋ ብዙዎች ወደ ኮምፒውተር ዳይስ ዞሩ። እዚያ የሚወድቅም የሚደገፍም የለም። ሰው ግን ሰው ነውና «ሲስተሙ ነው» ማለት ተጀመረ። የሶፍትዌር ሠራተኛ በሞላበት በዚህ በሲሊከን ቫሊ ይህን የሚሉት ሶፍትዌር የሚጽፉት ራሳቸው መሆናቸው አስቆኛል።

ይህን ሁሉ አይቼ የምፈርደው ይህን ነው። የተጻፈ ድጋሚ፣ ወሰንና ዋጋ ካለው፣ ጨዋታውን ያጣፍጠዋል፤ የኦክላንዱ ቤት ያሳተመው ምሳሌ ከሁሉ ይሻላል። የአደጋ ድጋሚ፣ የወደቀና የተደገፈ፣ ያለ ርኅራኄ ለሁሉም አንድ ይሁን። የምሕረት ድጋሚ ከሰው ይምጣ እንጂ ከዳይሱ አይምጣ። ሉዶ ላይ ሦስተኛዋን ስድስት በተመለከተ እኔ ሦስተኛዋ ብቻ ትቃጠል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሌላውንም ቤት አከብራለሁ፣ ከመጀመሩ በፊት ከነገረኝ።

እንግዲህ በሚመጣው እሑድ ሰሌዳውን ስትዘረጉ፣ ጠጠር ከመደርደራችሁ በፊት፣ አንድ ሰው ዳኛ አድርጉና ወለል ላይ የወደቀው፣ የተደገፈውና ሦስተኛዋ ስድስት ምን እንደሚሆኑ ጮክ ብሎ ያስታውቅ። ከአንድ ደቂቃ አይፈጅም። ዳኛውም ይጫወታል፤ በራሱ ዳይስ ላይ ግን የሚፈርደው በስተግራው ያለው ነው።